መርዶ በተራ

ልጄን የጎዳው ድምፁ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰው የማያስደነግጥ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ነበረው። ከጎመን መደቤ ላይ ፍየል ሲያባርር እንኳ የሚለምናት ይመስል ነበር። ፖሊስ ልሆን ነው ብሎ ሲነግረኝ የሳቅሁት ለዚህ ነው።

"አንተማ ሌባውን ብታገኘው፣ እባክህ እጅህን ስጠኝ ነው የምትለው" አልሁት።

"ከሰጠኝ ምን ቸገረኝ፣ እማ?" አለኝ።

ሥራውን ወደደው። ኋላ የመጣውን የሚሰማ ሰው ልጁ ሳይወድ የገባበት እንዳይመስለው ይኼን አስቀድሜ እናገራለሁ። ሌላ አገር ሲሠራ ቆይቶ፣ ከፍኖተ ሰላም ብዙ ወደማይርቅ ጣቢያ ተዛውሮ መጣ። ቤታችን ከተማው ዳር ነው፤ ከሚስቱና ከትንሿ ልጁ ጋር እኔ ዘንድ ገባ። ማታ ማታ የሚያጫውተን ከብቱ ጠፍቶ ስለተገኘለት ገበሬ፣ በድንበር ተጣልተው አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ስላስታረቃቸው ወንድማማቾች ነበር። አንድ ጊዜ የተሰረቀ በሬ ከቡሬ ወዲያ ተያዘ። ባለቤቱ ከሩቅ ቆሞ በስሙ ቢጠራው በሬው ገመዱን አስጥሎ ወደሱ ሮጠ። ልጄ ያንን ነገር ሲያወራው ከረመ፤ ምራቴ "ይኼ በሬ እኮ ምሳም እራትም ሆነን" እስክትል ድረስ። በዚያ ጊዜ ቤታችን ይሳቅበት ነበር።

እኛ አገር መርዶ ሥርዐት አለው። ሰው የሞተበት በመንገድ አይነገረውም፤ በስልክም አይነገረውም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የንስሐ አባቱን ይዘው፣ ጎህ ሲቀድ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሳሉ። የሚደግፉ ሴቶች ከኋላ ይከተላሉ። ሲደርሱም ወዲያው አይነግሩትም። "ምንም አልሆነ፣ ትንሽ አሞት ነው" ይላሉ። ቆየት ብለው "ጠንከር ብሎበታል" ይላሉ። እንዲህ እያሉ ልቡን ደረጃ በደረጃ ያወርዱታል። እኔ ባሌንም ታላቅ ወንድሜንም የተረዳሁት በዚህ ሥርዐት ነው። ሐዘኑ አልቀለለልኝም፤ የወደቅሁት ግን በሰው እጅ ላይ ነበር።

አሁን አሁን ሰው ከቤቱ ርቆ ይሞታል። የቡሬ መንገድ ላይ መኪና ይገለበጣል፤ ሰው አገር ሥራ ሄዶ ጉድጓድ ይናድበታል፤ ወንዝ ይወስደዋል። ሬሳው ሆስፒታል ይገባና ከኪሱ መታወቂያ ይገኛል፤ ፖሊስ ቤተሰቡን ፈልጎ ማሳወቅ አለበት። ያን ዓመት ደግሞ ስልክ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሳይፈልግ ይጠፋል። ሽማግሌዎች ሲጠየቁ "ሆስፒታል የገባ ሬሳ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ይንገር" አሉ። ማንም አልተቆጣቸውም። መርዶው ከሽማግሌ ወደ ፖሊስ ተሻገረ።

መጀመሪያ የተላከው ፖሊስ ከመኪና እንኳ አልወረደም ነበር። ከአጥር ውጭ ሆኖ "ልጃችሁ ሞቷል፣ ሬሳ ውሰዱ" ብሎ ጮኸ። እናትየው በቁሟ ወደቀች፤ ግንባሯ ድንጋይ መታው። ከዚያ በኋላ የጣቢያው አዛዥ ልጄን ጠርቶ "አንተ ሂድ፣ አንተ ለስላሳ ነህ" አለው። ሄደ። ቤተሰቡ ኋላ ጣቢያ ድረስ መጥቶ አመሰገነ፤ እንደ ሰው ነገረን አለ። ያቺ ምስጋና ናት ያስያዘችው። ከዚያ ወዲያ ማንም ሲሞት የሚጠራው እሱ ሆነ። የሚስብ በሬ ነው ጅራፍ የሚበዛበት።

ለውጡን ቀድማ ያየችው ምራቴ ናት። አንድ ቀን እኔ ጎመን ስቀነጥስ፣ ከጓዳ ወጥታ ስትጮህበት ሰማሁ።

"እባክህ ጮኸህ ጥራኝ! እንዲህ ቀስ ብለህ ስትጠራኝ እናቴ የሞተች ነው የሚመስለኝ።"

ሊጮህ ሞከረ። አልሆነለትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ማለት አበዛ። ከተረኛነት ወጥቶ ቀን ሲተኛ ጫማውን አያወልቅም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጠጋ ብዬ ስሰማው "አይዞዎት፣ ይቀመጡ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ" ይላል። ዓይኑ ግን ክፍት ነው። የበሬ ወሬ ቀረ። ስለሥራው ስንጠይቀው "ደህና ነው" ይላል፤ እኛ አገር ደግሞ ደህና ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኛ እናውቃለን።

ሰውም ሸሸው። ወፍጮ ቤት እህሌን ሊሸከምልኝ ሲመጣ፣ ሲያወካ የነበረው የሴት ሰልፍ ጸጥ ይላል። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል፤ እሱ አልፎ ሌላዋ ዘንድ እንዲሄድ በልቡ እየለመነ። እሱ ጆንያዬን አንሥቶ ሲወጣ ከኋላዬ ትንፋሽ ሲለቀቅ እሰማለሁ። ሠርግ ስንጠራ "ልጅዎ ያን ቀን ተረኛ ይሆን እንዴ?" ብለው ይጠይቁኛል። ተረኛ ነው እንድል ፈልገው ነው።

ከዚያ የጊደሯ ነገር መጣ።

ከኛ ቀጥላ ያለችው ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ናት። አንድ ልጅ አላት፤ ከቡሬ ነቀምት በሚመላለስ አይሱዙ ላይ ረዳት ነው። ጊደር ጠፍታባት ስታለቅስ ከረመች። ልጄ ጊደሯን ማንኩሳ ላይ ሰው ጓሮ ታስራ አገኛትና አምጥቶ ጣቢያው ግቢ አሰራት። ያን ጧት ልብሱን ለብሶ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

"ጣቢያ ሳልገባ እነግራታለሁ፣ እማ። ዛሬ እንኳ ደግ ወሬ ይዤ ልሂድ።"

እኔም የተዋስሁትን ወንፊት ልመልስላት ከኋላው ተከተልሁ። ጎረቤቴ ደጇን ትጠርግ ነበር። ቀና አለች። ፖሊስ ልብስ፣ ያ ልጅ፣ ጧት። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

"ልጄን!" አለች።

"እትዬ፣ ምንም አልሆነም፣ ደግ ነው፣ ጊደርዎ—"

ምንም አልሆነም ሲል ሁሉም ነገር አበቃ። መርዶ የሚጀመረው በዚያ ቃል ነውና።

"ምንም አልሆነም ይለኛል! ወይኔ ልጄን! ወይኔ!"

"እናቴ ትሙት፣ ስለልጅዎ አልመጣሁም!"

"ስለልጄ አልመጣሁም ይለኛል! ያዙኝ፣ ሰዎች፣ ያዙኝ!"

ሰው ከየቤቱ ወጣ። ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟት። እሱ "ደህና ነው" ባለ ቁጥር ዋይታው ይጨምራል፤ በማለ ቁጥር ደረት ይመታል። እኔ መሀል ገብቼ "ማንም አልሞተም! ጊደሯ ተገኝታ ነው!" እያልሁ ብጮህ አንድ ጎረቤት ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

"ገብቶኛል፣ እትዬ" አለኝ በሹክሹክታ። "እውነቱን አሁን አይንገሯት። በጊደር በጊደር እያላችሁ ቀስ አድርጋችሁ አውርዷት። የት ላይ ነው የተገለበጠው?"

"አንተ ደንቆሮ፣ አልተገለበጠም!"

"ነፍስ ይማር" አለና ነጠላውን አጣፋ።

የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ድንኳን መጣ። ስልክ እንደ ልማዱ ጠፍቷል፤ ልጁን ማን ይጥራው? ልጄ መሀል ቆሞ ቆሞ፣ በመጨረሻ የሚያምኑት በዓይናቸው ሲያዩ ነው ብሎ ሄደና ጊደሯን ከጣቢያው ግቢ ፈትቶ፣ በገመድ እየሳበ ለቅሶው መሀል ይዟት ገባ። ሴቶቹ አይተው አለቀሱ። "እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው፣ ለተዝካሩ የሚታረድ እንኳ ራሱ አመጣላት" አሉ። ያኔ ሳቅ መጣብኝ። የልጄን ፊት ሳይ ግን ጠፋ።

የጎረቤቴ ልጅ በማግሥቱ ከሰዓት በገዛ እግሩ መጣ። ድንኳኑን ከሩቅ አይቶ እናቱ የሞተች መስሎት እያለቀሰ ነው የገባው። እናትየው ተነሥታ ፊቱን በእጇ ዳሰሰችው። አላቀፈችውም። "ማነህ?" አለችው። ቄስ መጥተው ጸበል ረጩ፤ ድንኳኑ ተነቀለ፤ ሰው እያፈረ ወደቤቱ ሄደ። የሚያፍር ሰው ደግሞ የሚጥልበት ይፈልጋል። ማታውኑ "እግሩ ነው፣ ያ ልጅ ገደ ቢስ ነው" ተባለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ጎረቤቴ ሰላምታ አቋረጠችኝ። ምክንያቱን ስጠይቃት የመለሰችልኝን እስካሁን አልረሳውም።

"ልጄን አንድ ጊዜ አልቅሼዋለሁ" አለችኝ። "አሁን ሲገባ ሲወጣ የማየው የሞተውን ነው። ይኼን ማን ይመልስልኛል?"

ልጄ ያን ዕለት የፖሊስ ልብሱን አውልቆ አጣጠፈው፤ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው።

"እመልሰዋለሁ" አለ። "ድንጋይ ብሸከም ይሻለኛል። ቢያንስ ሰው በሩን አይዘጋብኝም።"

"የምትወደውን ሥራ?"

"የምወደውን ሥራ እማ፣ ድሮ ነው የሠራሁት። አሁን የምሠራው ሌላ ነው።"

ልጄ ሥራ ቢጠላ አላዝንም ነበር። ሥራ የሚጠላ ሞልቷል። ነገር ግን የሌላውን ሁሉ ሸክም ጭነውበት፣ ሲጎብጥ ደግሞ ጎባጣ ብለው ሊያባርሩት ነው። ይኼ አልተዋጠልኝም። "እኔ ጠይቄ ሳልመለስ አትመልሰውም" አልሁትና ጣቢያ ሄድሁ።

አዛዡ ሰው አክባሪ ነው። ሲያየኝ ተነሣ።

"እማማ፣ ቁጭ ይበሉ።"

"ቆሜ ነው የምናገረው። ጣቢያው ውስጥ ካሉት ፖሊሶች አፍ ያለው ልጄ ብቻ ነው?"

"ኧረ እማማ—"

"ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን በልጄ አፍ ብቻ ይሞታል? ገበሬው ውሃ እንኳ በተራ ነው የሚያጠጣው። አንዱ ቢያጠጣ አንዱ ቢደርቅ ዳኛ አለው። እናንተ ዘንድ ዳኛ የለም?"

ሄዶ የቢሮውን በር ዘጋው። ተቆጣ ብዬ ነበር። ሲናገር ግን ድምፁ የአዛዥ አልነበረም።

"እኔ ራሴ ሄጄ ነበር አንድ ጊዜ፣ እማማ። ባልቴት ናቸው። ገና ስገባ 'ልጄ፣ ምሳ በልተሃል?' አሉኝ። አቀረቡልኝ፤ በላሁ። የልጃቸውን እህል በልቼ፣ አመስግኜ፣ ሳልነግራቸው ተመለስሁ። በማግሥቱ የላክሁት ልጅዎን ነው።"

ቁጭ አልሁ።

"ሌሎቹን ብልክ እንደኔ ይመለሳሉ፤ ወይም እንደዚያኛው ጮኸው ይመጣሉ" አለኝ። "ደግሞም እማማ፣ አይቆጡኝ፣ ይኼ የናንተ ሥራ ነበር። ሽማግሌ ስጡን ብለን ስንለምን እምቢ ያሉን እናንተ ናችሁ። አንድ ትልቅ ሰው ከፖሊሱ ጎን ይቁምልኝ፤ እኔም ከጣቢያው በኩል በተራ አደርገዋለሁ። የመጀመሪያው ተራ የኔ ቢሆንም እሺ።"

የተቆጣሁት በማይገባው ሰው ላይ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። የሚገባቸው በየወሩ ከቅዳሴ በኋላ ማንጎ ጥላ ሥር የሚሰበሰቡት ናቸው።

የእድራችን ዳኛ ረጅም፣ ጎምላላ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሳነሣ ጭራቸውን ወዘወዙ።

"እትዬ፣ እኛ ቀባሪዎች ነን። መርዶ የፖሊስ ሥራ ሆኗል። ደመወዝ ይበላበት የለ?"

"ደመወዙን የሚበላው ሌባ ሊይዝበት ነው፤ አያ ዳኛ፣ እርስዎ ድሮ መርዶ የነገሩት በደመወዝ ነበር?"

"ያ ድሮ ነው። አሁን ሰው ክፉ ሆኗል። የነገረውን ሰው በዓይኑ ይወጋዋል።"

"ልጄስ ዓይን የማይወጋው ድንጋይ ነው? ንፍሮው ሲቀርብ ሁላችሁም እጃችሁ ረጅም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል የምትሰሙት ለሎሚ ብቻ ነው?"

አንዱ ቀልደኛ ከኋላ "እትዬን ከላክንማ ሬሳውም ደንግጦ ይነሣል!" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅሁላቸውም። ሳቁ ሲያልቅ ነገሩ አብሮ ሊያልቅ ነበር። ዳኛው ወደ ሌላ ጉዳይ ሊሻገሩ ሲሉ ጎረቤቴ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ከዚያ ጉድ ወዲህ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም።

"ያን ጧት" አለች፣ "ፖሊሱ ለመርዶ ሲመጣ ሁልጊዜ ከሽማግሌ ጋር ነው የሚል ሥርዐት ቢኖር ኖሮ፣ ብቻውን ሳየው ስለጊደሬ እንደመጣ አውቅ ነበር። ልጄን በቁሙ አላለቅሰውም ነበር።" ይኼን ብላ ተቀመጠች። ወደኔ አላየችም።

ዳኛው ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እንዲህ ሆኖ ተወሰነ፦ ከዚህ ወዲያ ፖሊስ ለመርዶ ብቻውን አይሄድም፤ የእድሩ ትልቅ ሰው በተራ አብሮ ይሄዳል፤ የሚናገረውም ትልቁ ሰው ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ይነገር ተባለ።

"በማን ይጀመር?" አሉ ዳኛው።

"በኔ" አልሁ። "ሁለተኛው እርስዎ።"

"ሴት መርዶ አርድታ ታውቃለች?"

"ሴት ናት የምትወልደው። ትናገር።"

አዛዡ የመጀመሪያው ጥሪ ሲመጣ እሄዳለሁ ብሎ ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ስብሰባ ብለው ወደ ባሕር ዳር ጠርተውት ነበርና የሄደው ልጄ ሆነ። ልብሱን ከሳጥኑ ላይ አንሥቶ ሲለብስ "ለአንቺ ብዬ ነው፣ ብቻሽን እንዳትሄጂ" አለኝ። ቡሬ ለቀን ሥራ የሄደ ጎረምሳ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞቷል። እናቱ ከማንኩሳ ወዲያ ገጠር ነው ያለችው። ጎህ ሲቀድ በባጃጅ እስከሚያስኬደው ሄድን፤ ከዚያ በእግር በዳጉሳው ማሳ መሀል። ጤዛው ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አራሰው። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን አጠናሁ፤ ትንሽ አሞት ነው፣ ጠንከር ብሎበታል፣ እያልሁ።

ልጄ መጀመሪያ ወደ ጎረቤት ቤት ገባ። ያ ቤት ሕፃን አለበት? ነፍሰ ጡር አለች? ልብ የሚያማት ናት? ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሴቶች ከኋላችን እንዲመጡ ለመነ። ይኼን ሁሉ ሲያደርግ አየሁት። ማን አስተማረው? ማንም አላስተማረውም።

እናትየው በኔ ዕድሜ ናት። አመድ ልትደፋ ከቤት ስትወጣ አገኘናት። መጀመሪያ እሱን አየች፣ ቀጥሎ እኔን።

"አንቺ ማነሽ?" አለችኝ።

"ከፍኖተ ሰላም ነኝ፣ እህቴ። ስለልጅሽ ነው የመጣነው። ቡሬ መንገድ ላይ መኪናው..."

"ቆስሏል?"

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። ደረጃው የለም። አዎ ቆስሏል ብላት አንድ ደረጃ ነበር፤ ግን ያ ደረጃ ውሸት ነው፤ እኔ ደግሞ ዓይኗን እያየሁ ልዋሻት አልቻልሁም። ከኋላዬ ያ ድምፅ መጣ።

"እማማ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ።"

ተቀመጠች። ለምን እንደምትቀመጥ ሳታውቅ፣ አመዱን እንደያዘች፣ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። እንዴት እንደሚያደርገው ያን ጊዜ ገባኝ። አጠገቧ ተንበረከክሁና "እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ" አልኋት።

አልጮኸችም። ክንዴን በአመድ እጇ ያዘችው። ልጄን ከእግሩ እስከ ራሱ ስታየው ቆየች።

"ይኼ ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው።"

"ቆሟል" አለች።

ያኔ ከኋላችን የመጡት ሴቶች ጮኹ። እሷ ከነሱ በኋላ ነው የጮኸችው።

ስንመለስ ወንዙ ዳር ልጄ ክንዴን አጠበልኝ። አመዱ ቆዳዬ ውስጥ ገብቶ የጣቶቿ ቅርጽ ቀርቶ ነበር።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አልሁት።

"ዛሬ ይሻላል። ዛሬ የምመለከተው አንቺን ነበር።"

"ልብሱን ልመልስ ካልህ ከዚህ ወዲያ አልከለክልህም።"

ውሃውን አየ። "ሁለተኛው ተራ የማን ነው ያልሽኝ?"

"የዳኛው።"

"እሳቸው ሲናገሩ ሳላይማ አልመልስም" አለና ሳቀ። ስንት ጊዜ ቆይቶ ሳቀ መሰላችሁ።

አልመለሰውም። ዳኛው ተራቸው ሲደርስ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለተራው ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ እሳቸውም ጭራቸውን አልያዙም ነበር። አዛዡም ሄዷል አሉኝ፤ እህል ሲቀርብለት ቀድሞ ተናግሮ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ልጄ አሁን ብቻውን ሲሄድ ሰው በሩን ይከፍትለታል፤ ብቻውን ከሆነ ሞት አይደለምና። ወፍጮ ቤት ሴቶቹ "ደግሞ የማንን ሌባ ያዝህ?" ብለው ይቀልዱበታል። ጥቂት ጥቂት የከብት ወሬም ጀምሯል።

ሥርዐቱ ግን እኔንም ያዘኝ። ፖሊስ ከትልቅ ሰው ጋር ከታየ መርዶ ነው ተብሎ በየቤተ ክርስቲያኑ ተነግሯል፤ ያስነገርሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ልጄ አገኘኝ፤ ዘንቢሌን ተቀብሎኝ ጎን ለጎን ስንሄድ አንዲት ሴት ከአጥሯ ውስጥ አየችን። በሩን ይዛ መንሸራተት ጀመረች። "አይደለም! በሰላም ነው!" ብዬ ብጮህ ማን ይሰማል? ልጄ ዘንቢሉን አስቀምጦልኝ ሮጦ ራቀ። ሴትዮዋ ብቻውን ሲሆን አይታ ትንፋሿ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ አብረን አንሄድም። ሲቪል ቢለብስም ያውቁታል፤ እኔንም ያውቁኛል። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እሱ ይቀድማል፤ እኔ ሰው የሚያልፍበትን ያህል ወደኋላ እቀራለሁ። ጀርባውን እያየሁ እሄዳለሁ። ሲራመድ አያለሁ። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሊለው አስቁሞት ቆም ሲል ግን እግሬ እምቢ ይለኛል፤ ያቺ አመድ የያዘችው እናት ከደጃፏ ሆና "ቆሟል" እያለች የምታየው ይመስለኛል፤ እስኪንቀሳቀስ ድረስ እኔም እቆማለሁ።